«እንደ ልጄ ነው የማያት»

በእኛ ሰፈር ውሃ የሚመጣው በፈረቃ ነው። ጎንደር ለኖረ ሰው ይሄን ማስረዳት አያስፈልግም። አንዳንዴ ፈረቃችን ይረሳና ሁለት ሳምንት እንቆያለን፤ ከዚያ ሌሊት ላይ ቧንቧው ማንኮራፋት ሲጀምር ሰፈሩ በሙሉ ይነቃል፣ ቢጫ ጀሪካንም መንገዱን ይሞላዋል። ባለፈው 11 ሰዓት ሌሊት ላይ ወጥቼ ሰልፉን አየሁት። ከጀሪካኑ አጠገብ የቆመው አብዛኛው ልጅ ነው። ከፊቴ የነበረችው አሥራ አንድ ዓመት ቢሆናት ነው። ተራዋ ደርሶ ስትሞላ ተንበረከከች፣ ገመዱን በደረቷ አዙራ ጀሪካኑን ከጀርባዋ ጋር አሰረችው፣ በአንድ እጇ መሬቱን ገፍታ ተነሳች። ሃያ ሊትር ውሃ ማለት ሃያ ኪሎ ነው። እሷ ራሷ ሠላሳ ኪሎ መሙላቷን እጠራጠራለሁ።

የጎረቤቴ «ልጅ» ናት። ከገጠር ከመጣች ዓመት ሊሞላት ነው። ጎረቤቴ ደግሞ ደግ ሴት ናት፤ ይሄን የምለው ለወጉ አይደለም፣ ስታመም ሾርባ ይዛ የምትመጣው እሷ ናት። ስለ ልጅቷ ሳነሳባት ቅር ሳይላት «እንደ ልጄ ነው የማያት» አለችኝ። የወለደቻቸው ሁለቱ በዚያ ሰዓት ተኝተው ነበር።

ስለ ሕፃናት ጉልበት ብዝበዛ ስናወራ የሚያሳስተን መጀመሪያ ቃሉ ይመስለኛል። «ብዝበዛ» ሲባል አለንጋ የያዘ ክፉ ሰው፣ የጨለመ ፋብሪካ፣ የሚያለቅስ ልጅ ነው የሚታየን። ስለዚህ በዝባዡን ፍለጋ እንወጣለን፤ ዞረን ዞረን አናገኘውም። ጎረቤቴ በዝባዥ ናት ብላችሁ እሷም አታምንም፣ እኔም ምላሴ አይታዘዝልኝም። ገበሬው አባትም የገዛ ልጁን ከብት ቢያስጠብቅ በዝባዥ መባሉን ቢሰማ ይስቃል። በዓለም አቀፉ መለኪያ ግን የሚጠየቀው የአሠሪው ጠባይ አይደለም። የሚጠየቀው ልጁ ስንት ዓመቱ ነው፣ ሥራው ምንድን ነው፣ በሳምንት ስንት ሰዓት ይወስድበታል፣ ነው።

ቁጥሩን ልንገራችሁ። ዩኒሴፍ ሲቆጥር ከ5 እስከ 11 ዓመት ያለ ልጅ ለገቢ ወይም ለምርት የሚሆን ሥራ በሳምንት አንድ ሰዓት እንኳ ከሠራ ቁጥሩ ውስጥ ይገባል። ከ12 እስከ 14 ያለው 14 ሰዓትና ከዚያ በላይ፣ ከ15 እስከ 17 ያለው ደግሞ 43 ሰዓትና ከዚያ በላይ ሲሠራ ነው። ሥራው አደገኛ ከሆነ ሰዓቱ አይቆጠርም፤ በቃ ክልክል ነው። ልጁ በገዛ ቤቱ ለሚሠራው የቤት ሥራም ልክ አለው፣ በሳምንት 21 ሰዓት። ሰባት ላይ ስታካፍሉት በቀን ሦስት ሰዓት ይመጣል።

እስቲ የጎረቤቴን ልጅ፣ እንደ ገዛ ልጇ ብናያት እንኳ፣ ቁጠሩልኝ። ውሃ በመጣ ቀን ከ11 ሰዓት እስከ 1 ሰዓት ሰልፍ። ቁርስ፣ ቤት መጥረግ፣ ዕቃ ማጠብ። ሽንኩርት መላጥ። ቡና፣ ከሰዓት ደግሞ ሌላ ቡና። ትንሹን ልጅ ከመዋዕለ ሕፃናት ማምጣት። እራት። እንግዳ ከመጣ እግር ውሃ። የቀኑን ሦስት ሰዓት ከረፋዱ በፊት ጨርሳዋለች።

ይሄን ስጽፍ «ታዲያ ልጅ ሥራ አይልመድ?» የሚለኝ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ይልመድ እንጂ! ከትምህርት ሲመጣ እንጨት የሚፈልጥ፣ እናቱን እንጀራ ሲጋገር የሚረዳ፣ በክረምት እሸት የሚጠብቅ ልጅ የትም የተነቀፈ አይደለም። ሕጉም የሚለው ሥራ ልጅን አይንካው አይደለም። ሥራው ትምህርቱን፣ እንቅልፉንና አካሉን አይውሰድበት ነው የሚለው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 36 ላይ ስታነቡት ይሄው ነው፤ ሕፃን በትምህርቱ፣ በጤናውና በደኅንነቱ ላይ ጉዳት የሚያደርስ ሥራ እንዲሠራ አይገደድም፣ አይፈቀድለትምም።

ነገሩ ምን ያህል ሰፊ ነው? ማዕከላዊ ስታቲስቲክስ ኤጀንሲ ከዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት ጋር እ.ኤ.አ. በ2015 ባካሄደው ብሔራዊ ጥናት ዕድሜያቸው ከ5 እስከ 17 ከሆኑት ልጆች 42.7 በመቶው፣ ወደ 16 ሚሊዮን ገደማ ማለት ነው፣ በዚህ ምድብ ውስጥ ነበሩ። ከአምስቱ ሁለቱ! አብዛኞቹ ገጠር ናቸው፣ አብዛኞቹም የሚሠሩት ለቤተሰባቸው ነው፣ ያለ ክፍያ። በዓለም ደረጃ እ.ኤ.አ. በ2024 በተቆጠረው 138 ሚሊዮን ልጆች ናቸው፤ 87 ሚሊዮኑ ከሰሐራ በታች ባለችው አፍሪካ፣ ማለትም እኛው ጋ። ከመቶው 61 ያህሉ ግብርና ላይ ነው። የዓለም መንግሥታት እ.ኤ.አ. በ2025 እናጠፋዋለን ብለው ነበር። አልሆነም።

አሁን ወደ ሕጉ። እዚህ ላይ ትንሽ ታገሱኝ።

የኛ አገር የአሠሪና ሠራተኛ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 1156/2011፣ ከ15 ዓመት በታች ያለን ልጅ መቅጠር ይከለክላል። የበፊቱ አዋጅ 14 ነበር የሚለው። ከ15 እስከ 18 ያለው «ወጣት ሠራተኛ» ይባላል፤ በቀን ከ7 ሰዓት በላይ አይሠራም፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት አይሠራም፣ የትርፍ ሰዓትና የበዓል ቀን ሥራ የለበትም። ከባድ ነገር መሸከም፣ የመሬት ውስጥ ቁፋሮ፣ የፍሳሽ ቦይ ውስጥ መግባት ለወጣት ሠራተኛ ከሚከለከሉት ሥራዎች ውስጥ ናቸው። ወረቀቱ ላይ ጥሩ ሕግ ነው፣ ብዙ አገር ከሚያወጣው አያንስም። ከዓለም አቀፎቹ ስምምነቶችም ሁለቱን ዋና ዋናዎቹን ተቀብለናል፤ ዝቅተኛ የሥራ ዕድሜን የሚወስነውን ቁጥር 138ን እ.ኤ.አ. በ1999፣ እጅግ አስከፊ የሆኑትን ሥራዎች የሚከለክለውን ቁጥር 182ን በ2003።

ግን አዋጁ የሚይዘው አሠሪና ሠራተኛ የሚባሉ ሁለት ሰዎች ሲኖሩ ነው። ተቆጣጣሪው የሚሄደው ፋብሪካ፣ ሆቴል፣ የአበባ እርሻ ነው፤ በር አንኳኩቶ መዝገብ አምጡ የሚልበት ቦታ። ልጆቹ ደግሞ እዚያ የሉም። ልጆቹ ያሉት አባታቸው ማሳ ላይ ነው፣ አባትና ልጅ ደግሞ የሥራ ውል አይፈራረሙም። ሌሎቹ ያሉት ሰው ቤት ነው። የቤት ሠራተኛን ጉዳይ አዋጁ በሌላ ደንብ ይወሰናል ብሎ ያለፈው ነው። ስለዚህ ጎረቤቴ ቤት የሚያንኳኳ ተቆጣጣሪ የለም፣ ቢያንኳኳም ቡና ጠጥቶ ነው የሚሄደው።

ሌላው ዕድሜ ነው። 15 ዓመት ያልሞላው አይቀጠርም ስትል ልጁ 15 መሙላቱን በምን ታውቃለህ? በአገራችን የልደት ምዝገባ በመላው አገር የተጀመረው በ2008 መጨረሻ ላይ ነው። ከዚያ በፊት የተወለደ ልጅ ዕድሜው እናቱ «በዚያ ክረምት» ስትል የምትጠቁመው ነው። ደላላው ጋ ስትሄዱ «ስንት ዓመቷ ነው?» ትላላችሁ፣ «አሥራ ስምንት» ይላል፣ ልጅቷ መሬት መሬት ታያለች፣ አለቀ።

ስለ ሰው ቤት ልጅ ስጽፍ ከሩቅ አይደለም። እኛም ቤት ነበረች። አምስተኛ ክፍል ሳለሁ እናቴ በዘመድ በኩል ከደምቢያ አንዲት ልጅ አስመጣች። በዕድሜ እኩያዬ ናት፣ ምናልባት በአንድ ዓመት ብትበልጠኝ ነው። ስሟን አልጽፈውም። የመጣችው «አስተምራታለሁ» ተብሎ ነው፤ አባቷ ራሱ ይዟት መጥቶ፣ አንድ ጠርሙስ ማር ይዞ፣ እናቴን «አደራ» ብሎ ሄደ። እናቴም አልዋሸችም፣ እውነትም አስመዘገበቻት። ደብተርም ገዛችላት። ከዚያ ታናሽ ወንድሜ ተወለደ። «ይሄን መንፈቅ ብቻ» ተባለ። መንፈቁ ሦስት ዓመት ሆነ።

ማታ ማታ እኔ ሳሎን ሆኜ የማባዛት ሰንጠረዥ ጮክ ብዬ እሸመድዳለሁ። አባቴ ቀበቶውን ፈትቶ አጠገቡ አስቀምጦ ይጠይቀኛል። አንድ ቀን ሰባት ጊዜ ስምንት ላይ ደርሼ ቀጥ አልኩ። ላብ በላብ ሆንኩ። ከማዕድ ቤት «ሃምሳ ስድስት» የሚል ድምፅ መጣ። አባቴ ሳቀ፣ እናቴም ሳቀች፣ እኔም ከቀበቶ ስለተረፍኩ ሳቅኩ። «ወይኔ ይቺ ልጅ!» ተብሎ እንደ ጨዋታ ስንት ዓመት ተወራ። ትምህርት ቤት መልሰን እናስገባት ያለ ግን ማንም አልነበረም። እኛ ክፉ ሰዎች አልነበርንም። ብቻ ቤቱ የተገነባው እሷ ማዕድ ቤት እንዳለች ተደርጎ ነበር።

ለዚህ ነው እኔ ፒያሳ ላይ ስላለው ሊስትሮ ብዙም የማልጨነቀው። እሱን ሁሉም ያየዋል፣ ሁሉም ያዝንለታል፣ ፎቶም ያነሳዋል። ጠይቁት፣ ብዙ ጊዜ የጠዋት ወይም የከሰዓት ፈረቃ ይማራል፣ ገንዘቡም ኪሱ ነው፣ ሲደክመው ሳጥኑን ይዘጋል። ሥራው ይመቻል እያልኩ አይደለም፤ መንገድ ላይ የሚያድር ከሆነ ደግሞ ሌላ ወሬ ነው። ግን ሳጥን መዝጋት የማትችለው፣ ከግቢ የማትወጣው፣ ቢጎዷት የሚያይ ሰው የሌላት ልጅ ነች ከሱ ይልቅ የምታስፈራኝ።

ሁለተኛው የሚያስፈራኝ ሰሊጥ ነው።

ከጎንደር በአዘዞ በኩል ወደ መተማ ስትወርዱ ቆላው ሰሊጥ ነው። ሰሊጥ ጠባይ ያለው እህል ነው። ፍሬው ከደረሰ በኋላ ቀፎው ይፈነዳና መሬት ላይ ይፈሳል፣ ስለዚህ አጨዳው የሚደርሰው በአንድ ጊዜ ነው፣ ሁለት ሳምንት ብትዘገይ ዓመቱ ባዶ ነው። ባለሀብቱ በዚያች ጊዜ እጅ ያለውን ሁሉ ይፈልጋል፣ የቀን ሒሳቡም ይወጣል። ጊዜው መቼ ነው? መስከረምና ጥቅምት። ትምህርት ቤት መቼ ይከፈታል? መስከረም። ከደጋው ወረዳዎች ያሉ መምህራንን ጠይቁ፣ ተመዝግቦ የጠፋው ወንድ ልጅ የት እንደሄደ ይነግሯችኋል። ሳሉግ ሆኖ ሄዷል። ሳሉግ የሚባለው እንግዲህ ለአረምና ለአጨዳ የሚወርደው የቀን ሠራተኛ ነው፤ ከመካከሉ አሥራ አራትና አሥራ አምስት ዓመት የሆናቸው ሞልተዋል፣ ዕድሜያቸውን ጨምረው የሚናገሩ።

ኅዳር ላይ ገንዘብ ይዞ የሚመለስ አለ። ወባ ይዞ የሚመለስም አለ። ከሁሉም የከፋው ካላዛር ነው፤ በትንሽ የአሸዋ ዝንብ የሚተላለፍ፣ ካልታከመ የሚገድል በሽታ። ዝንቧ የምትወደው የዋልካ መሬት ስንጥቅና የግራር ጥላን ነው፤ ሳሉግ ደግሞ ሌሊት የሚተኛው እዚያው ግራር ሥር ነው፣ ያለ አጎበር። ከቆላ ያልተወለደ ሰውነት በሽታውን አያውቀውም። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ለዚህ በሽታ ራሱን የቻለ የሕክምና ማዕከል ያለው ዝም ብሎ አይደለም። የተለመደው ሕክምና 17 ቀን ሙሉ በየቀኑ መርፌ ነው። አንድ ልጅ በአጨዳ ያገኘውን ብር በአሥራ ሰባት ቀን ውስጥ ምን ያህሉን ይዞ እንደሚወጣ እናንተው አስሉት።

አበው «ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም» ይላሉ። ብዙውን ጊዜ ልጅ ለሥራ ባለመብሰሉ ላይ ነው የምንተርተው፣ ግን የኢኮኖሚ ጉዳይ አድርጋችሁም ልታነቡት ትችላላችሁ። ልጅ የሚያመጣው ገቢ ትንሽ ነው፣ የሚያስከፍለው ግን ትምህርቱን፣ ማለትም ሲያድግ ሊያመጣ የሚችለውን ነው።

ታዲያ ለምን ይሄዳሉ? «ድህነት» ብሎ መዝጋት ቀላል ነው። እውነትም ድህነት አለበት። ግን ሁሉም ድሃ ልጁን አይልክም፣ የሚልኩትም ሁሉ ከሁሉ የባሱ ድሆች አይደሉም። እንዲያውም አንዳንዴ ተቃራኒው ነው። መሬትም ከብትም የሌለው ሰው ልጁን በምን ያሠራዋል? ሁለት ላምና አሥር በግ ያለው ነው እረኛ የሚያስፈልገው። ይሄን ያላሰበ ድጋፍ ጉዳት ያመጣል፤ ቤተሰቡ ይቋቋም ተብሎ አምስት በግ ይሰጠዋል፣ በጉ ጠባቂ ይፈልጋል፣ የስምንት ዓመቱ ልጅ ከትምህርት ይቀራል። የሰጠው ድርጅት ሪፖርቱ ላይ «አምስት በግ» ብሎ ጽፎ ይሄዳል።

ሌላው ድንገተኛ ነገር ነው። አባት ይታመማል፣ ዝናብ ይቀራል፣ በሬ ይሞታል። ባንክ ለገበሬ ቶሎ አያበድርም፣ አራጣ አበዳሪ ያንቃል፣ ስለዚህ ያለው ቁጠባ ልጁ ነው። ሴቷን ለዘመድ ይሰጣሉ፤ አንድ አፍ ቀነሰ ማለት ነው። ከዚህ ላይ ከ2015 ክረምት ወዲህ በክልላችን ያለውን ጦርነት ጨምሩበት። ትምህርት ቤቶች ተዘግተው በሚሊዮን የሚቆጠሩ ልጆች ቤት ዋሉ። የተዘጋ ትምህርት ቤት ደጃፍ ላይ ቆሞ ለአባት «ልጅህን አታሠራ» ማለት ያሳፍራል። ምን ያድርገው?

መፍትሔ ተብሎ መጀመሪያ የሚመጣልን እገዳ ነው። እገዳ ብቻውን ምን እንደሚያመጣ ባንግላዴሽ አይታዋለች። እ.ኤ.አ. በ1993 የአሜሪካ ምክር ቤት ሕፃናት የሠሩትን ልብስ እንዳይገባ ሊከለክል ነው ሲባል ፋብሪካዎቹ ደንግጠው በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ልጆችን አባረሩ። ዩኒሴፍ በኋላ ሲከታተል ከመካከላቸው ድንጋይ መፍጨትና ሴተኛ አዳሪነት ውስጥ የገቡ ተገኙ። ከፋብሪካው የባሰ። በ1995 ግን የልብስ ፋብሪካ ባለቤቶቹ፣ ዩኒሴፍና የሥራ ድርጅቱ ተፈራርመው ልጆቹ ትምህርት ቤት እየገቡ ትንሽ ድጎማ እንዲያገኙ ተደረገ። ልጁን ከሥራ ማውጣትና የሚገባበትን ቦታ ማዘጋጀት አብረው ካልሄዱ የመጀመሪያው ባይደረግ ይሻላል።

እኛ አገር ካሉት ትልቁ ሴፍቲኔት ነው፣ ለድሃ ቤተሰብ በእርከንና በመሰል ሥራ ምትክ ብር ወይም እህል የሚሰጠው፣ ከ1997 ጀምሮ ያለው። እንደ በለሳ ባሉ ዝናብ በሚያታልላቸው ወረዳዎች ቤተሰቡ በክፉ ወር ልጁን ሳይሸጥ እንዲያልፍ፣ ይቅርታ «ሳይሸጥ» ያልኩት ከብቱን ለማለት ነበር፣ ግን አልሰርዘውም። ድክመቱ ደግሞ ይሄ ነው፦ እናትየው ለእርከን ሥራ ስትወጣ ቤት የምትገባው ልጅቷ ናት። ስለዚህ እዚያው ሥራው ቦታ ሕፃናት ማቆያ ካልታሰበ የእናትን ሥራ ለልጅ ማስተላለፍ ይሆናል።

ከዚህ በተረፈ የሚሠሩት ነገሮች ስማቸው ከሕፃናት ጉልበት ጋር የማይያያዝ ናቸው። የትምህርት ቤት ምሳ፣ ምክንያቱም ልጁን ከቤት የሚገፋው አፉ ነው። ቅርብ ትምህርት ቤት። የትምህርት ካላንደሩን ከአጨዳው ጋር ማስማማት፣ ይሄ ብር እንኳ አይጠይቅም። እና ውሃ! ጎንደር በቧንቧው ውሃ ብታገኝ አንድም ስብሰባ ሳይጠራ፣ አንድም ባነር ሳይሰቀል፣ ስንት ልጅ በሌሊት ከመነሳት ይድን ነበር። በየዓመቱ ሰኔ 5 የሕፃናት ጉልበት ብዝበዛን የመቃወሚያ ቀን ይከበራል፤ ቲሸርት ይታተማል። ለቲሸርቱ የሚወጣው ለቧንቧ ይሁን ማለት አይቻልም፣ ብሩ አይመጣጠንም፣ ግን ሐሳቡ ይመጣብኛል።

ቤታችሁ እንዲህ ያለች ልጅ ካለቻችሁ አሁን የምናገረው ለእናንተ ነው። ከ15 ዓመት በታች ከሆነች ሕጉም ልባችሁም መልሱን ያውቃሉ። ግን ዝም ብሎ ማባረር የባንግላዴሹን መድገም ነው፤ መናኸሪያ ላይ የሚጠብቃት ሌላ ደላላ ነው። ወላጆቿ ያሉበትን እወቁ፣ ደውላችሁ አገናኟት፣ ወይ በሰላም መልሷት፣ ወይ መመለሻ ከሌላት ቀበሌውን ወይም የሴቶች፣ ሕፃናትና ማህበራዊ ጉዳይ ቢሮን አማክሩ። እስከዚያው ትማር፣ እሱም በቀን። የማታ ትምህርት የሚባለው ለአዋቂ ጥሩ ነው፤ ቀኑን ሙሉ የዋለች ልጅ ግን ማታ ክፍል ውስጥ የምትሠራው አንድ ነገር ነው፣ መተኛት። ደሞዟ ካለ ለደላላ ወይም «አጎቷ ነኝ» ለሚል ሰው አይሰጥ። የምትተኛበት ቦታ ከውስጥ የሚቆለፍ ይሁን። ለምን እንደሆነ ታውቃላችሁ።

ለጎረቤቴ ይሄን ሁሉ አልነገርኳትም። የነገርኳት የሰዓቱን ነገር ብቻ ነው። ቡና እየጠጣን ልጅቷ የምትሠራውን በጣቷ ቆጠረች፤ አሥሩን ጣት ጨርሳ ሳቀችና እጇን ጭኗ ላይ አሳረፈችው። «ከመስከረም የጠዋት ፈረቃ አስገባታለሁ» አለችኝ። «ውሃውስ?» አልኳት። ትልቁ ልጇን፣ አሥራ አራት ዓመቱ ነው፣ አየችውና «ያውና እሱ» አለች።

ማክሰኞ ሌሊት ቧንቧው አንኮራፋ። ስወጣ ትልቁ ልጅ ሰልፉ ላይ ነበር፣ ዓይኑ ሳይገለጥ፣ ጀሪካኑን በእግሩ እየገፋ። ልጅቷም ከጎኑ ቆማለች፣ ገመዱን ይዛ። «አንቺ ለምን መጣሽ?» አልኳት።

«እሱ ማሰር አይችልም» አለችኝ።